«የአንድ ሎሚ ጭማቂ»፤ የማን ሎሚ?

ቅዳሜ ማታ ከሥራ ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ኪሎ ሎሚና ባለ 20 ሚሊ ሲሪንጅ ነበር። መርፌ የለውም፤ አትደንግጡ። ፋርማሲስት ነኝ። ቀኑን አራት ኪሎ አካባቢ ቆሜ መድኃኒት ሳድል እውላለሁ። ማታ ደግሞ ግንፍሌ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮክቴል እሠራለሁ። የድሮ ሰዎች የኔን ሙያ «መድኃኒት ቀማሚ» ይሉት ነበር። ዛሬ ሁሉም ነገር ታሽጎ ስለሚመጣ የምንቀምመው እምብዛም የለም። እጄ የሚቀምመው ነገር አጥቶ ይሆናል ወደዚህ የገባሁት።

የጀመርኩት በንዴት ነው። የሥራ ባልደረባችንን ልንሸኝ አንድ ሆቴል ባር ገባን። የቱ ሆቴል እንደሆነ አልናገርም። ሜኑው ላይ «ዳይኪሪ» የሚል አየሁና አዘዝኩ። በብሌንደር የተፈጨ ቀይ በረዶ መጣልኝ፤ ላዩ ላይ የወረቀት ጃንጥላ ተሰክቶበታል። ጣዕሙ ቁርጥ የሕፃናት የሳል ሽሮፕ። እሱን ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የከፈልኩት ብር የሳምንት ምሳዬን ይችል ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ በስልኬ ሳነብ ዳይኪሪ ማለት ሦስት ነገር ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ነጭ ረም (የሸንኮራ አገዳ አረቄ)፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ስኳር። ስሙም ኩባ ውስጥ ሳንቲያጎ አጠገብ ያለ ቦታ ስም ነው። ሦስት ነገር! ሁለቱ እኮ ኩሽናዬ ውስጥ አሉ።

ሦስተኛውን፣ ረሙን፣ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ኮክቴል መነቅነቂያው፣ ሼከር የሚሉት፣ የለኝም። ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ነበረኝ፤ ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ ይበቃል። ያገኘሁት አሠራር «60 ሚሊ ረም፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ትንሽ ስኳር» ይላል። እንደተባልኩት አደረግኩ። ፉት ስለው ከረሜላ የሟሟበት አረቄ ሆነ። በማግሥቱ ሎሚውን አራት አደረግኩት። አንድ ዓይኔ ተጨፍኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ነው ሲሪንጁ የመጣው። ከአንድ ክምር የተገዙ አሥር ሎሚዎች ደረደርኩና አንድ በአንድ ጨምቄ ለካኋቸው። ትንሿ 6 ሚሊ ሰጠችኝ። ትልቁ 17። አንድ ሻጭ፣ አንድ ክምር፣ አንድ ቀን! አሠራሩን የጻፉት ሰዎች «አንድ ሎሚ» ሲሉ እንቁላል የሚያክለውን አረንጓዴ ሎሚያቸውን እያሰቡ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ጭማቂ ይወጣዋል። የኛዋ ደግሞ ለጥምቀት የምትወረወረዋ ናት፤ ቆዳዋ ስስ፣ ፍሬዋ ብዙ፣ ሽታዋ ኃይለኛ። ጠባይዋ ሌላ፣ ልኳም ሌላ። ስለዚህ ሎሚ በቁጥር መለካት ከዚያ ቀን ጀምሮ አቆምኩ። አሁን በሚሊ ነው። ለኔ አፍ የተስማማው 60 ረም፣ 22 ሎሚ፣ 15 ሽሮፕ ነው።

ሽሮፕ ስል ደግሞ ሳቄ ይመጣል። ስኳራችን እንደምታውቁት ጠጠር ያለ ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ብትጨምሩት ታች ቁጭ ብሎ ያያችኋል። መጀመሪያ በውሃ መሟሟት አለበት። ኮክቴል የሚሠሩ ሰዎች «ወፍራም ሽሮፕ» የሚሉት በሚዛን ሁለት እጅ ስኳር ለአንድ እጅ ውሃ ነው። ይሄን ሳነብ «ቆይ!» አልኩ። ሁለት ለአንድ ማለት 66.7 በመቶ ስኳር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ነጭ ጋዋን ለብሰን፣ ለፈተና የሸመደድነው የእንግሊዞች የመድኃኒት ሽሮፕ ማለት እኮ ነው! ያኔ ለምን እንደምንማረው አልገባኝም ነበር። ስኳሩ እንዲህ ሲበዛ ሻጋታ የሚጠቀምበት ነፃ ውሃ አያገኝም፤ ለዚህ ነው ፍሪጅ ውስጥ ሳይበላሽ የሚቆየው። ስትሠሩት መፍላትም የለበትም፣ ሞቅ ብሎ ስኳሩ ከጠፋ በቂ ነው።

ቀጥሎ በረዶ። ስለ በረዶ ማንም አላስጠነቀቀኝም።

የመጀመሪያው የተስተካከለ ዳይኪሪዬን ለጓደኛዬ ሰጠኋት። ቀመሰችው። ዝም አለች። ደግማ ቀመሰችው። «የምን ቅቤ ነው የገባበት?» አለችኝ። ቀልድ መሰለኝ። እኔም አሸተትኩት፤ እውነትም ቅቤ፣ ያውም ንጥር፣ ከነኮረሪማው። ፍሪዘር ከፍቼ አየሁ። እማዬ ከገና በፊት የላከችልኝ ቅቤ ክዳኑ ሳይገጥም ተቀምጧል። አጠገቡ የበረዶው ትሪ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። በረዶ ሽታ ይጠጣል፤ በተለይ የቅባት ሽታ። ያን ቀን ሙሉውን ትሪ ሲንክ ውስጥ ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ በረዶ የምሠራው ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ቅቤውም ወደ ታች ወርዷል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በረዶው ቀልጦ እንደገና አንድ ላይ ይጋገራል፤ እሱን በዘነዘና ነው የምሰብረው። ጎረቤቶቼ ቡና የምወቅጥ ይመስላቸዋል።

በረዶ ግን ለማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፤ ይሄን እስክረዳ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አንድ ቀን ከመነቅነቄ በፊትና በኋላ ለካሁት። ጠርሙሱ ውስጥ የገባው 97 ሚሊ ነው። አሥራ ሁለት ሰከንድ ያህል በኃይል ነቅንቄ ሳጠልለው 125 ሆነ። ሃያ ስምንቱ ሚሊ ከበረዶው የወጣ ውሃ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ካለው ከአምስት እጅ አንዱ ውሃ ነው ማለት ነው። ወንድሜ ይሄን ስነግረው «ውሃ እየሸጡልን ነው በይኛ!» አለ። ግን ውሃው ባይኖር ረሙ ጉሮሮ ይፍቃል፣ ሎሚውም ያንገሸግሻል። ሦስቱንም የሚያስታርቃቸው እሱ ነው። አልኮሉን ፍሪዘር አስገብቶ ያለ በረዶ ማቀዝቀዝ ያሰበ ሰው ካለ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አይሆንም።

ጭማቂ ያለበት ሁሉ ይነቀነቃል። አልኮል በአልኮል ብቻ የሆነ ደግሞ በማንኪያ ቀስ ተብሎ ይማሰላል። በቃ፣ ሌላ ሕግ የለውም።

ረሙ ሲያልቅ ወደ ጂን ዞርኩ፤ ምክንያቱ ሌላ ሳይሆን ዋጋ ነው። ባሮ ጂን እዚሁ አገር ይሠራል፤ ለልምምድ ሲደፋም አንጀት አያሳርርም። ጂን ማለት በቀላሉ የጥድ ፍሬ የሸተተ አረቄ ነው። ስሙ ራሱ የመጣው ጥድ ከሚል የሆላንድ ቃል ነው። የእነሱ ጥድና የኛ ጥድ አንድ ዛፍ አይደለም፤ ዘመዳሞች ናቸው። ግን አንድ ቀን ጠርሙሱን ከፍቼ ሳሸት ልጅነቴ መጣብኝ። የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ጥዱ ሥር ቆሜ እማዬን ስጠብቅ። ለጂን እንዲህ ዓይነት ትዝታ አለኝ ብዬ አላስብም ነበር። ለእማዬም አልነገርኳትም።

ጂንና ቶኒክም ለሙያዬ ቅርብ ነው። የቶኒክ ምሬት ከኩዊኒን ነው የሚመጣው፤ የወባ መድኃኒቱ። እኛ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንለው ከእሱ ስም ወስደን ነው። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ ምሬቱን ለመሸፈን በስኳርና በጂን ይጠጡት ነበር። አንድ ደንበኛዬ ይሄን ሰምቶ «እንግዲያው አዋሽ ስወርድ ጂን በቶኒክ ይበቃኛል» አለኝ። አይበቃህም ወንድሜ። በአሜሪካ ሕግ አንድ ሊትር ቶኒክ ከ83 ሚሊግራም በላይ ኩዊኒን ሊኖረው አይችልም። ለወባ ሕክምና ለአንድ አዋቂ የሚሰጠው በቀን ከአንድ ግራም ያልፋል። ስሌቱን ለጉበቱ ተውኩለት። በዚያው፣ «በመድኃኒቱ ላይ ትንሽ ቢቀመስ ምን አለበት?» የምትሉኝ ሁሉ፣ መልሴ ያው ነው፤ መጀመሪያ መድኃኒቱን ጨርሱ።

ኔግሮኒ ላይ ግን ተሸነፍኩ። አሠራሩ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ጂን 30፣ ካምፓሪ (ቀይና መራራ የጣሊያን መጠጥ) 30፣ ቀይ ጣፋጭ ቨርሙዝ 30፣ ከበረዶ ጋር ይማሰላል፣ የብርቱካን ልጣጭ ይጨመቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1919 ፍሎረንስ ውስጥ አንድ ባላባት አሜሪካኖ በሚባለው ኮክቴል ላይ ሶዳውን ትተህ ጂን ጨምርበት ብሎ አዝዞ ነው የተፈጠረው ይባላል። ጣሊያን አገራችን መጥቶ ማኪያቶ ትቶልን ሄደ፤ ይሄን ለምን አልተወልንም? ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሳይፈርስ በፊት አንድ ሁለት ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ የካምፓሪ ጠርሙስ ማየቴ ትዝ ይለኛል። ሲከፈት ግን አላየሁም።

እንዴት እንደተሸነፍኩ ልንገራችሁ። ቨርሙዙን ከፈትኩና አንድ ኔግሮኒ ሠራሁ፤ በጣም ወደድኩት። ጠርሙሱን እንደ ውስኪ መስሎኝ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ሰቀልኩት። ከሦስት ወር በኋላ እንግዶች ጋብዤ፣ ብርቱካን ልጬ፣ ስለ ፍሎረንስ አውርቼ፣ ብርጭቆዎቹን አደልኩ። ሁሉም ተጎነጩ። ሁሉም በትህትና አስቀመጡት። አንዱ ብቻ «መራራ ነገር ለስኳር በሽታ ጥሩ ነው አይደል?» አለ። ኮምጣጤ ሆኖ ነበር። ቨርሙዝ እኮ ወይን ነው! በትንሽ አልኮል የጠነከረ፣ ቅጠላ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ወይን። ዋናው ቅጠሉም የአሪቲ ዘመድ ነው፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ከተከፈተ ፍሪጅ ይገባል፤ በአንድ ሁለት ወር ውስጥም ማለቅ አለበት። ቀኑን ሙሉ «ከተከፈተ በኋላ ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ» እያልኩ የምውል ሰው ነኝ እንግዲህ።

ሌላው ፈተና ጾም ነው። ውስኪ ሳወር የሚባለው የውስኪና የሎሚ ኮክቴል ላይ ከላይ የሚታየው ነጭ አረፋ የእንቁላል ነጩ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ዓቢይ ጾም ላይ መጣችና «እንቁላል ከሌለበት እቀምሳለሁ» አለች። ውስኪውስ? ብዬ ልጠይቃት ብዬ ተውኩት፤ ከነፍስ አባቷ ጋር የምትጨርሰው ጉዳይ ነው። ምድጃ ላይ ግን ለወጥ የተቀቀለ ሽምብራ ነበር። የተቀቀለበትን ወፈር ያለ ውሃ 20 ሚሊ በሲሪንጅ ስቤ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርኩት። መጀመሪያ ያለ በረዶ፣ ቀጥሎ በበረዶ ነቀነቅኩት። አረፋው ከእንቁላሉ እኩል ቆመ። ሽታ የለውም። ጨው ያልገባበት ውሃ መሆን አለበት፤ እሱን በሁለተኛው ሙከራ ነው ያወቅኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ቢዝ ኒዝ የሚባል ኮክቴል አለ። ቃል በቃል ሲፈታ «የንብ ጉልበቶች» ነው፤ በ1920ዎቹ የአሜሪካ የአራዳ ቋንቋ ግን «አንደኛ ነው» ማለት ነበር። ጂን፣ ሎሚና ማር ነው። ማር ደግሞ እንዳለ አይገባም፤ በረዶ ሲነካው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በሞቀ ውሃ ይበረዛል። «ይበረዛል» የሚለውን ቃል ለራሴ ስል ነው የሰማሁት። ብርዝ! ለካ የሚሉት ብርዝ ነው። የእማዬ ጎረቤቶች ልጅ ለሚያጠቡ፣ ለማይጠጡ፣ ለእንግዳ ልጆች የሚያቀርቡት ብርዝ።

ነጭ ማር ነበረኝ። ግማሽ በግማሽ በረዝኩት። 60 ጂን፣ 22 ሎሚ፣ 22 ብርዝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ምንም ሳላስተካክል ወጣልኝ። የጥዱ ሽታ ፊት ይመጣል፤ ከዚያ ማሩ፤ ሎሚዋ መጨረሻ ላይ ጥርግ ታደርጋለች። ከሠራኋቸው ሁሉ ይሄኛውን «የኛ ነው» ብዬ ለማቅረብ አላፍርም።

ለእማዬ አቀረብኩላት። እማዬ አትጠጣም፤ ትቀምሳለች። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለፋሲካ ጠጅ ስትጥል አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ትላለች እንጂ ሲለካ አላየሁም። እጇን ታስገባለች፣ ጣቷን ትቀምሳለች፣ «ገና ነው» ትላለች፤ ልክም ይሆናል። የኔን ሲሪንጅ ስታይ «ለሰው ነው ለዶሮ?» አለች።

ብርጭቆውን ተቀበለችኝ። ሻይ መጠጫዋን እንደምትይዝ በሁለት እጇ ያዘችው። አሸተተች። ከንፈሯን ብቻ ነካ አድርጋ መለሰችው። ትንሽ ቆየች። እንደገና ፉት አለች፤ በዚህኛው ከምር።

«ጥሩ ብርዝ ነው» አለችኝ።

«ጂን እኮ አለበት እማዬ።»

«አውቃለሁ፣ አፌ ውስጥ ነው። ግን ብርዝ ነው። ጌሾ የለውማ።»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «መራራ ከሌለው ጣፋጩ የት ይቆማል?» ብላ ብርጭቆውን መለሰችልኝና ዜና ልታይ ሄደች።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬን ከፍቼ ቀደም ብዬ ያነበብኩትን ፈለግኩ። እ.ኤ.አ. በ1806፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሃድሰን በምትባል ከተማ፣ አንድ ጋዜጣ ከአንባቢው «ኮክቴል ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ደረሰው። አዘጋጁ የመለሰው ማንኛውም ዓይነት አረቄ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ነገር ነው ብሎ ነው። አራት ነገር። እኔ ሦስቱን ይዤ አራተኛውን እንደ ጌጥ ቆጥሬ ትቼው ነበር። እርግጥ ነው ዳይኪሪም ቢዝ ኒዝም ያለ መራራ ነው የሚሠሩት፤ በኋላ የመጡ ናቸው። ግን የመጀመሪያው ሰው የጻፈው እማዬ ያለችውን ነው።

መራራው ከየት ይምጣ? በዓለም ታዋቂው አንጎስቱራ ነው፤ ያቺ ወረቀቷ ከጠርሙሷ የሚበልጥ ትንሽ ጠርሙስ። እ.ኤ.አ. በ1824 ቬንዙዌላ ውስጥ የሠራው ዚገርት የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ለወታደሮች ሆድ ሕመም ብሎ። በጠብታ የሚሰጥ መድኃኒት ነበር ማለት ነው። ኦልድ ፋሽንድ የሚባለው የውስኪ ኮክቴል ያለ እሱ አይሆንም። እዚህ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዋጋውን ሰምቼ አመስግኜ ወጣሁ።

በማግሥቱ ለእማዬ ደወልኩ። «ጌሾ ቅጠሉን ነው እንጨቱን?»

«ለጠጅ እንጨቱን ነው። ቅጠሉ ለጠላ ነው። ይሄን ሳታውቂ ነው የተማርሽው?»

ጌሾ እንጨት ገዛሁ። 20 ግራም መዝኜ፣ በዘነዘና ሰባብሬ፣ ጠንከር ያለ አረቄ 200 ሚሊ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። የብርቱካን ልጣጭና ሁለት ፍሬ ኮረሪማ ጨመርኩበት። በየማታው ጠርሙሱን እገለብጠዋለሁ። በሦስተኛው ቀን የገለባ ቀለም ነበረው፤ በሰባተኛው የቡና። አንድ ጠብታ ምላሴ ላይ አድርጌ እስከ እራት ድረስ ሌላ ነገር አልቀመስኩም። እማዬ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። ስለ ጤናዬ አትጠይቅም።

«ያ መድኃኒትሽ ደረሰ?»

«ገና ነው፣ ትንሽ ይቆይ።»

«አትነካኪው። ጥንስስ ሲነካካ አይሆንም።»

ትናንት አጠለልኩት። በጠብታ መስጫ ባለው ቡናማ ጠርሙስ ሞላሁትና ከመደብር ያመጣሁትን ወረቀት ለጠፍኩበት። እጄ ለምዶበት ነው መሰለኝ፣ ሳላስበው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጌሾ። በአንድ ብርጭቆ 2 ጠብታ። ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ።» እሑድ እማዬ ትመጣለች።